የመንጠሴው ጥግ

ሰኔ 9 ቀን 2016፣ ሰቆጣ

ደመና አለ፣ ዝናብ የለም። ከቀትር በኋላ ነፋስና አቧራ። የደጁ ቆርቆሮ ሲንኳኳ ዋለ።

ከግንቡ ሥር ያለው መሬት ጭንጫ ነው። አንድ ክንድ ሳልወርድ ዶማው ከአለት ጋር ተጋጨ። የወጣውን ድንጋይ ተሸክሜ ልጥል ስል እናቴ ከደጃፍ ተቆጣች። "ድንጋዩን ተይው! እርጥበት የሚይዝልሽ እሱ ነው።" እውነቷን ነው። የገጠሩ ማሳ ድንጋይ እንደተነጠፈበት ይታረሳል፣ ገበሬው ለቅሞ አይጨርሰውም፣ ሊጨርሰውም አይፈልግ። ፀሐዩን ከአፈሩ ላይ ይከላከላል፣ ጎርፉን ያዘገያል። በየጉድጓዱ ዙሪያ መልሼ ደረደርኩት።

ሰኔ 17

ሌሊት ዘነበ። ጠዋት ጣቴን አፈሩ ውስጥ ሰደድኩ። እስከ ሁለተኛው አንጓ እርጥብ፣ ከዚያ በታች ደረቅ። ለመትከል ገና ነው።

የሚተከለው፦ የጥብስ ቅጠል። ጤና አዳም። ጥንጁት። እሬት። ጦስኝ፣ ባይዝም ልሞክረው። ቀጋ ከአጥሩ ማዕዘን። መንጠሴ፣ ከተገኘ።

በየዓመቱ የሚዘራ አልፈልግም፤ አንዴ ተተክሎ ዓመት ከዓመት የሚከርም ይሁን። ከመጀመሪያው በጋ በኋላ ደግሞ ከቤት ውሃ አንድ ጣሳ የማይጠይቅ። ማበብም አለበት። ቅጠል ብቻ አይበቃኝም። ለምን እንደማይበቃኝ ለራሴም አልመለስኩም።

ሰኔ 25

ችግኝ ጣቢያ። ጌሾ፣ ወይራ፣ ግራር በብዛት። ከአበባ ወገን ቡጋንቪላ። የጥብስ ቅጠል አገኘሁ፣ ቀጭን ግን ጤነኛ።

ልጁ የወፍ ቆሎ አሳየኝ። አበባው ቀይም ቢጫም በአንድ ራስ ላይ፣ ያምራል። "ይሄን ድርቅ አይነካውም" አለኝ። አውቃለሁ። ችግሩም ከዚያው ነው። በሐረርጌና በሶማሌ በኩል የግጦሹን መሬት ወርሶታል፣ ከብት ሲበላው ይመርዘዋል። ወፍ ፍሬውን ለቅማ ተራራው ላይ ስትጥለው ማን ይነቅለዋል? አልወሰድኩም። ልጁ የዋጋ ነገር መስሎት ቅናሽ ጨመረልኝ።

ሐምሌ 7፣ ሥላሴ

ከቅዳሴ ስንወጣ ዝናብ፣ ቀጥሎ በረዶ። ጉድጓዶቹ ሞሉ። ማታ ሳያቸው ውሃውን ጠጥተውታል። ደስ አለኝ።

አጎቴ ከገጠር መጡ። በማዳበሪያ ከረጢት፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ሦስት የመንጠሴ ጉቶ። ከማሳቸው ድንበር ነው የነቀሉት። "ሥሩን ጨርሼ ማውጣት አልሆነልኝም። አለቱ ውስጥ ገብቶ ጠፋብኝ" አሉ። ከላይ ገና ጣት የሚያህል ለምለም ቀንበጥ። ከታች እንጨት የሆነ፣ ጠማማ፣ ዕድሜው የማይታወቅ ጉቶ።

"አንቱ፣ ይይዛል?"

"ሜዳ ላይ ፍየል ትበላዋለች፣ ሰው ይረግጠዋል፣ ይይዛል። ጓሮ ውስጥ እንጃ።"

ቀንበጡን በጣቶቼ መሃል አንከባለልኩት። አይንከባለልም፣ ግንዱ አራት ማዕዘን ነው። ጥንጁቱም እንዲሁ። ጦስኙም፣ የጥብስ ቅጠሉ ለጋ ቀንበጥም። ሁሉም የበሶብላ ወገን። ሳይታወቀኝ አንድ ቤተሰብ ሰብስቤአለሁ። ሽታቸው የሚወጣው ከቅጠላቸው ዘይት ነው። ቅጠሉ ጠባብ ወይ ጠጉራም፣ ፀሐይ ውሃውን በቀላሉ አትወስድበትም። ጤና አዳም፣ እሬትና ቀጋ ብቻ ባዳ ናቸው።

ሐምሌ 13

ዝናብ ሳያቋርጥ። ልብስ አይደርቅም። ከመንጠሴዎቹ ሁለቱ ጠወለጉ። ዝናብ እየዘነበ መጠውለግ። ሥራቸው ተቆርጦ ነው እንጂ ውሃ አጥተው አይደለም። ቀንበጡን እስከ ግማሽ ድረስ ቆረጥኩት። ትክክል ይሁን አይሁን አላውቅም።

ሐምሌ 20

የጤና ኤክስቴንሽኗ መጣች። ጓሮውን ዞረች። "ይሄ ሁሉ አበባ ነው? ጎመኑስ?" ጎመኑን፣ ቆስጣውን፣ ዱባውን አሳየኋት፣ በወዲያኛው ወገን ነው። ጻፈች። ግማሹ ግቢ አበባ መሆኑን ግን ዐይኗ አልሳተውም።

ከሄደች በኋላ ሳስበው ቆየሁ። የከተማችን ስም በአገሩ ሁሉ የሚጠራው በሰቆጣ ቃል ኪዳን ነው። ሐምሌ 2007 መንግሥት ቃል የገባው፣ ከ2 ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እስከ 2022 ለማስቀረት። ልጆች በሚቀነጭሩበት አገር ግማሽ ጓሮ ለአበባ መስጠት ምን ይባላል? አንዱ መልሴ ዱባው ነው። ንብ ካልጎበኘው ዱባ ፍሬ አይዝም። ንብ ደግሞ ዱባው ሳያብብ በፊትም ካበበም በኋላ የሚቀስመው ያስፈልገዋል። ይህ እውነት ነው። ግን አበባውን የተከልኩት ለዱባው ብዬ ነው? አይደለም።

ነሐሴ 4

ጉም። ከመንገዱ ማዶ ያለው ቤት አይታይም። ትምህርት ቤት ዝግ፣ ቡና ሦስት ጊዜ ተፈላ። ጤና አዳም ከራሳችን ጓሮ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። አንዲት ቅጠል ለሲኒ በዛች፣ ግማሿን አወጣሁ።

የጥብስ ቅጠሉን ቀንበጦች ቆርጬ በጥላ ሥር አፈር ውስጥ ሰካኋቸው። በክረምት በቀላሉ ሥር ያወጣል ይላሉ።

ነሐሴ 17፣ ሻደይ

ከትናንት ጀምሮ ከተማው የሴቶች ሆኗል። እስከ 21 ይዘልቃል። የእህቴ ልጅ ቀሚሷ አዲስ፣ ወገቧ ላይ የታሰረው ሻደይ ገና እርጥብ። ስትዘል ሣሩ አብሮ ይዘላል። ከየት እንዳመጡት ጠየቅኳት። ሩቅ፣ ከተከለለው ተራራ። ቅርቡ ተግጦ አልቋል።

እናቴ በልጅነቷ ከወንዙ ዳር ይታጨድ ነበር አለች። ተራራው ሲከለል ሣሩ ተመለሰ፣ ንቡም ተመለሰ። በከለላው ውስጥ ወጣቶች ተደራጅተው ቀፎ አስቀምጠዋል። ከብት እንዳይገባ የሚጠብቁትም እነሱው ናቸው፤ ማሩ የጥበቃ ደመወዛቸው ነው።

ከሌላው አገር የመጡ እንግዶች አሸንድዬ ነው አሸንዳ እያሉ ይከራከራሉ። ልጆቹ አይሰሟቸውም፣ ይጨፍራሉ።

ነሐሴ 28

መንጠሴው አበበ! ያልጠወለገው፣ አንዱ ብቻ። ነጭ፣ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ሥር ያለው። አበባው ከቁመቱ አንጻር ትልቅ ነው፣ ወንዴ ዘንጎቹ ረዝመው ወደ ውጭ ወጥተዋል፣ ንብ ስትገባ ሆዷን ይነኳታል። ጠዋት ላይ ሦስት ንቦች፣ በአንድ ትንሽ ተክል። ከማን ቀፎ እንደመጡ እንጃ። ከጎኑ የቆመችውን ጽጌረዳ ዞር ብለውም አላዩአትም።

ሁለቱ ጉቶዎች እንዳሉ ናቸው። አልነቀልኳቸውም።

መስከረም 1 ቀን 2017

ልጆች አበባዬሆሽ እያሉ መጡ፣ አደይ አበባ ሰጡን። አደይ ተራራውን ሁሉ ቢጫ አድርጎታል። ዘንድሮ ክረምቱ ምሕረት አድርጓል። አምና በዚህ ወቅት በሰሃላ፣ በዝቋላና በአበርገሌ ማሳው ባዶ ነበር፣ ሰው ዘሩን አፈር ውስጥ አጥቶ ተቀመጠ። ዛሬ ይህን ቢጫ ሳይ ደስታዬ ሙሉ አልሆነም፣ ግን ደስታ ነው።

አደይን ጓሮዬ አላስገባሁትም። ራሱ ዘርቶ ራሱ ይበቅላል። የእኔ እርዳታ አያስፈልገውም።

መስከረም 19

ከመስቀል በኋላ ሰማዩ ተዘጋ። ማለቴ ጠራ፣ ደመና የለም። ትናንት ያካፋው የመጨረሻው ይመስለኛል። እዚህ ክረምቱ ሁለት ወር ተኩል ነው፣ የቀረው ዘጠኝ ወር ተኩል የተክሉ የራሱ ጉዳይ።

በተክሎቹ ሥር ግማሽ ጨረቃ የሚመስል እርከን ሠራሁ፣ ወደ ላይ የተከፈተ። የደረቀ ሣር አለበስኳቸው፣ በላዩ ድንጋይ። ከገበያ አዲስ፣ ያልተሟሸ ማሰሮ ገዛሁ። ሸክላ ሻጯ "ሳታሟሺው ውሃ ያፈስሳል" ብላ አስጠነቀቀችኝ። የምፈልገው እሱን ነው። በሁለቱ ጉቶዎች መሃል እስከ አንገቱ ቀበርኩት፣ ውሃ ሞላሁት፣ በጠፍጣፋ ድንጋይ ከደንኩት። ግድግዳው ቀስ እያለ ያረጥባል፣ ውሃው በፀሐይ አይባክንም። ሻጯ ለምን እንደሳቅኩ አልገባትም፣ ማስረዳት ነበረብኝ።

መስከረም 29

ጽጌ ገባ። ሌሊቱን የማኅሌቱ ድምፅ እስከ ቤት ይሰማል። ቤተ ክርስቲያን የአበባን ወቅት ቆጥራ ይዛለች፣ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5፣ 40 ቀን። በዚህ አገር ተራራው በእርግጥ የሚያብበው በዚሁ ጊዜ ነው፣ ከመንጠሴው ቀጥሎ ግርቢያው። የንቡም ዓመት ይኸው ነው።

ወደ ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ሄጄ ነበር። የዋግሹሞች ዐፅም ያለበት ነው፣ ሰው ሁሉ ስለ እነሱ ያወራል። እኔ ቅጥሩን ነው ያየሁት። ከአለቱ ስንጥቅ ውስጥ እሬት ወጥቷል። አፈር የሚባል ነገር የለም። ማንም አልተከለውም።

ጥቅምት 21

አጎቴ ማር ቆረጡ። አንድ ሰፌድ እንጀራ እንኳ ሳይበላ ሁሉም ሰው በጣቱ ጀመረ። ነጭ ነው፣ ገና ሞቅ ያለ፣ በጥቂት ቀን ውስጥ ይረጋል። "መንጠሴ ያላበበ ለት ማሩ አይነጣም" አሉ። የዋግ ነጭ ማር እየተባለ አዲስ አበባ ድረስ ይሸጣል። የገዛው ሰው የሚቀምሰው ያቺን ቁጥቋጦ መሆኗን ያውቅ ይሆን? ፍየሉ ሲበላት፣ ሰው ለማገዶ ሲነቅላት ከነማሩ ነው የምትነቀለው።

የሰቆጣ ደረቅ መሬት ግብርና ምርምር ማዕከል ስለ ንብ ቀሰም ዕፅዋት ያጠናል። አጎቴን እዚያ ሄደው ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። "እነሱ ናቸው ወደኔ የሚመጡት" አሉ፣ በኩራት። ዘመናዊ ቀፎውን አሳዩኝ። የጭቃውንም አልተዉም።

ዘር ሰጡኝ፣ ጥቁር፣ ደቃቅ። በወረቀት ጠቅልዬ መጽሐፍ ውስጥ አስቀመጥኩት።

ኅዳር 10

የመጨረሻው የመንጠሴ አበባ ረገፈ። ቅጠሉም መርገፍ ጀምሯል። የጥብስ ቅጠሉ ግን አሁን ነው ሰማያዊ አበባ ያወጣው፣ ጥቃቅን። ንቦቹ ወደ እሱ ዞረዋል።

ቧንቧ በፈረቃ ሆኗል። ቦኖው ላይ ጀሪካን ተሰልፏል፣ ቢጫ ሁሉ። ሕፃን ያዘለች ሴት ከኔ ቀድማ ነበር፣ ተራዋ ሲደርስ ውሃው ቀጠነ። ቤቴ ገብቼ ማሰሮውን ልሞላ ስል እጄ ከበደኝ።

ወሰንኩ። ለአበባ የቦኖ ውሃ አይነካም። እጣቢ ብቻ፣ እሱም ሳሙና የበዛበትን የመጀመሪያውን ሳይሆን ማለቅለቂያውን። የሚተርፈው ይትረፍ።

ታኅሣሥ 16

ብርድ። ጠዋት ትንፋሽ ይታያል። ቆስጣው ጠርዙ ተቃጥሏል። ጦስኙ ደግሞ ለምልሟል። የደጋ ልጅ ነው፣ ብርዱ ተስማምቶታል። ጦስኝ በዓለም ከኢትዮጵያ ተራሮች ውጭ የማይበቅል ነው፣ ይህ አሁንም ይገርመኛል። ሻይ ውስጥ እየከተትን እንጨርሰዋለን፣ ማንም እንደ ብርቅ አያየውም።

እሬቱ ዘንግ አውጥቷል። ቀይ። ምንቃሯ የታጠፈ ትንሽ ወፍ ጠዋት ጠዋት እየመጣች ከየአበባው ትጠጣለች። እናቴ ወፊቱን ለማየት ወንበሯን ወደ መስኮቱ አዞረች። ስለ አበባው ምንም ብላ አታውቅም ነበር።

ጥር 22

የተፋሰስ ሥራ። ሰው ሁሉ ዶማና አካፋ ይዞ ወደ ተራራው። እርከን፣ ጉድጓድ፣ የድንጋይ ካብ። በየዓመቱ እንሠራለን፣ በየዓመቱ ግማሹን ጎርፍ ያፈርሰዋል፣ ግማሹ ይቆያል። ዘንድሮ የቆየውን ግማሽ አየሁት፣ ከካቡ ሥር ክትክታና መንጠሴ በቅለዋል። ጭንጫው ላይ ማን ዘራቸው?

አንድ ሽማግሌ አጠገቤ ነበሩ። ጓሮዬ መንጠሴ እንደተከልኩ ብነግራቸው ግራ ገባቸው። "ለምን? ይሄው ሞልቶ!" ሞልቶ አይደለም። ሁለት ሰዓት ወጥተን ነው ያገኘነው። ግን አልተከራከርኩም።

የካቲት 26

ጾም ገባ። ሙቀቱ ቀደም አለ። ጦስኙ በሳምንት ውስጥ ግራጫ ሆነ፣ ነካ ሳደርገው ተፈረካከሰ። ብርዱን ወዶ ሙቀቱን አልቻለም። እጣቢ አልነፈግኩትም። ቦታው አይደለም።

የጥብስ ቅጠሉ ቆሟል። ቅጠሉን ጠቅልሎ ይጠብቃል። እሬቱ ቀላ፣ ኮሰሰ፣ ግን ቀን አፉን ዘግቶ ሌሊት ነው የሚተነፍሰው፣ ውሃው አይወጣበትም። ጥንጁቱ ቅጠሉን አራግፎ በእሾሁ ቀረ። እናቴ ቅርንጫፍ ቆርጣ የጠላ እንስራ አጠነችበት። ቤቱ ሁሉ ሸተተ። ፈቃዴን አልጠየቀችም፣ ለእሷ ጥንጁት ከተተከለ ለዚያ ነው።

መጋቢት 18

ነፋስ። ዐይን አይገለጥም።

እናቴ ስለ 77ቱ ረሃብ አነሳች፣ ሳልጠይቃት። ወደ ኮረም በእግር የሄዱበትን መንገድ። ስለ ሰዎቹ ብዙ አልተናገረችም። ስለ ቀፎው ተናገረች። "ንቡም ተሰደደ። አባቴ ቀፎውን ከፍቶ ሲያይ ባዶ ነው። ሰሙ ብቻ። ያን ለት ነው እንሂድ ያለው።" ከዚያ ተነሥታ ሽሮ ልታማታ ገባች። ይህን ከዚህ በፊት ነግራኝ አታውቅም። ንቡ ሲሄድ አያቴ ያየው ምን ነበር? ተራራው ላይ የሚያብብ ነገር አለመኖሩን? ልጠይቃት ፈለግኩ። ሌላ ቀን።

መጋቢት 27

ንቦች በእጣቢው ገንዳ ላይ። አበባ የለም፣ ውሃ ፍለጋ ነው። እንዳይሰምጡ ጠጠር ጨመርኩበት፣ ጠጠሩ ላይ ቆመው ይጠጣሉ። የጥብስ ቅጠሉ ጫፍ ላይ ሁለት ሦስት አበባ አለ፣ እሱንም ይፈትሻሉ። በዚህ ወር በመላው ሰፈር የሚያብብ ነገር ፈለግኩ። የእኛ የጥብስ ቅጠል፣ የቄሱ ቤት ቡጋንቪላ። የቡጋንቪላው ደግሞ ያ ቀይ የሚመስለው ቅጠል ነው፣ እውነተኛ አበባው መሃል ላይ ያለችው ነጭ ናት፣ ንብ ብዙም አይሄድባትም።

በሚቀጥለው ክረምት ከምተክለው ግማሹ በመጋቢት የሚያብብ ይሁን። የትኛው ነው ግን? አጎቴን ልጠይቅ።

ሚያዝያ 15

ፋሲካ አለፈ። ዶሮው ላይ የራሳችን የጥብስ ቅጠል አልገባም፣ እናቴ ለጥብስ እንጂ ለወጥ አይሆንም አለች።

ቀጋው አንድ ቅጠል አወጣ! ሞተ ብዬ ሰኔ ላይ ልነቅለው ነበር። ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ ብቸኛው አገር በቀል ጽጌረዳ እሱ ነው። ሲያብብ ነጭ ነው፣ ይሸታል፣ ፍሬውን እረኛ ይበላዋል። መቼ እንደሚያብብልኝ አላውቅም፣ ዘንድሮ አይሆንም።

ሰማዩ ላይ ጥቂት ደመና ነበር። በልግ ይሉታል በሌላው አገር፣ እዚህ ስሙን ብቻ ነው የምናውቀው። አቧራውን እንኳ ሳያጠፋ ሄደ።

ግንቦት 12

ሦስቱም መንጠሴ ደረቅ እንጨት ናቸው። በጥፍሬ ላጥ ላጥ አደረግኳቸው። ያበበው፣ አረንጓዴ። ከጠወለጉት አንዱ፣ ከማሰሮው በስተቀኝ ያለው፣ አረንጓዴ። ሁለተኛው ቡናማ። ዝቅ ብዬ ከአፈሩ ጋር እኩል ላጥኩት፣ ቡናማ። ከዚያ በታች አልቆፈርኩም።

ለአጎቴ ደወልኩ። "አትንቀይው። ዝናቡ ሁለት ጊዜ እስኪጥል ጠብቂ፣ ከሥር ነው የሚነሣው" አሉ። ድምፃቸው ላይ እርግጠኝነት የለም። እሳቸው ዘንድ ደግሞ ሁለት ቀፎ ባዶ ሆኗል፣ ንቡ ወደ ቆላ ወርዶ ይሆናል ይላሉ። ክረምት ሲገባ ይመለሳል? "አንዳንዱ ይመለሳል።"

ዘሩን ከመጽሐፉ አውጥቼ አየሁት፣ ነቀዝ አልነካውም። ሐምሌ ላይ ከቡናማው አጠገብ እዘራዋለሁ። ከጉቶው የወጣውንና ከዘር የበቀለውን ለመለየት በዘሩ ዙሪያ ነጭ ድንጋይ አደርጋለሁ። በጦስኙ ቦታ ሌላ ጥንጁት። የጤና ኤክስቴንሽኗ በመንገድ አግኝታኝ ለጤና ጣቢያው ግቢ ችግኝ ትሰጪኛለሽ ወይ አለችኝ። እሺ አልኳት። የትኛውን እንደፈለገች አልጠየቅኳትም፣ የጥብስ ቅጠሉ ቀንበጦች ግን ሁሉም ሥር ይዘዋል፣ ከእነሱ እጀምራለሁ።